ግፊቱ በምን ጨመረ? የጋዝ ሪአክሽን ፍጥነትን ደረጃ በደረጃ ለማስላት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ አንድ ነገር አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ደሴ ላይ ውሃውን ጠጥታችሁ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ የዘጋችሁት ባዶ ሃይላንድ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ተጨራምቶ ታገኙታላችሁ። ማንም አልረገጠውም። የጨመቀው የውጪው አየር ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ የአየሩ ግፊት 75 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ግፊቱ ወደ 81 ይጠጋል። የላይኛውን አየር ይዞ የወረደው ሃይላንድ የታችኛውን አየር አልቻለውም።

ይህን ሃይላንድ አትርሱት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የ11ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ላይ ሁሉም ተማሪ የሚሸመድዳት አንዲት አረፍተ ነገር አለች። «ግፊት ሲጨምር የጋዝ ሪአክሽን ፍጥነት ይጨምራል።» እኔም ሸምድጃታለሁ። ፈተና ላይ ግን አርጎን የሚባል ጋዝ የተጨመረበት ጥያቄ መጣ። ግፊቱ ጨምሯል ስለዚህ ፍጥነቱም ይጨምራል ብዬ ጻፍኩ፤ ወረቀቱ ላይ ቀይ ኤክስ ተደርጎበት ተመለሰልኝ። ለምን እንደተሳሳትኩ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። እኔም ለመጠየቅ አፈርኩ። ነገሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ ደሴ ላይ ተማሪዎችን ማስጠናት ስጀምር ነው። ዛሬም ድረስ የማስጠናቸው ልጆች እዚያው ቦታ ላይ ሲወድቁ አያለሁ። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለእነሱ ነው።

ስህተቱ ያለው «ግፊት ጨመረ» የሚለውን ሰምቶ ወዲያው መልስ መስጠት ላይ ነው። ግፊቱ በምን ጨመረ? ይህን ሳትጠይቁ ስለ ፍጥነቱ ምንም ማለት አትችሉም።

ከፋርማሲ 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አዲስ ሲሪንጅ ግዙ፤ መርፌው አያስፈልግም። ወረቀት፣ እስክሪብቶና ካልኩሌተር ይበቃል። ከታች በምሳሌነት የማነሳቸውን ጋዞች ግን ቤት ውስጥ ለመሥራት እንዳትሞክሩ። ናይትሪክ ኦክሳይድና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ሳንባን ክፉኛ የሚጎዱ መርዞች ናቸው።

ደረጃ 1፦ ግፊትን በእጃችሁ እወቁት

የሲሪንጁን ግንድ ስባችሁ 20 ላይ አቁሙ። ጫፉን በአውራ ጣታችሁ ጥርቅም አድርጋችሁ ድፈኑ። አሁን ቀስ ብላችሁ እስከ 10 ድረስ ግፉት። እጃችሁ ላይ የሚመጣውን መልስ ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ልል ነው፣ ወደ 10 ሲጠጋ እየከበደ ይሄዳል። ግንዱን ስትለቁት ተመልሶ ወደ 20 ይሄዳል። ካልተመለሰ አየር ሾልኳል ማለት ነውና ድገሙት።

ምን ተፈጠረ? ውስጥ ያለው የሞለኪውል ብዛት ያው ነው። ቦታው ግን በግማሽ ቀነሰ። ስለዚህ ግፊቱ እጥፍ ሆነ፤ ደሴ ላይ ከ75 ወደ 150 ኪሎ ፓስካል። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው የሞለኪውል ብዛትም እንዲሁ እጥፍ ሆነ። ኮንሰንትሬሽን የምንለው ይህንን ነው። የሙቀት መጠኑ እስካልተለወጠ ድረስ የአንድ ጋዝ ግፊትና ኮንሰንትሬሽን አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ቀስ ብላችሁ ግፉ ያልኩትም ለዚሁ ነው። ጋዝ በፍጥነት ሲጨመቅ ይሞቃል፤ የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው የፓምፑን ታች ነክቶ ያውቀዋል። ሙቀት ከገባበት ግፊትና ሙቀት ተደባልቀው የትኛው ምን እንደሠራ አይለይም።

አሁን ሁለት የሚዋሃዱ ጋዞች እንዳሉ አስቡ። የባቲን የሰኞ ገበያ ያየ ሰው ይገባዋል። ሜዳው በግማሽ ቢጠብና ሰዉ ያው ቢሆን፣ እያንዳንዱ ገዢ በደቂቃ የሚያገኘው ሻጭ እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ያሉት ገዢዎችም እጥፍ ናቸው። ሁለት ጊዜ ሁለት፣ አራት። በጋዝም እንደዚሁ ነው፤ ቦታውን በግማሽ ስትቀንሱ በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ በሰከንድ የሚደረገው የሁለቱ ግጭት አራት እጥፍ ይሆናል።

አንድ ነገር ላይ ግን ቆም በሉ። ብዙ ተማሪ «ግፊት ሲጨምር ሞለኪውሎቹ በኃይል ይጋጫሉ» ብሎ ይጽፋል። አይደለም። የሞለኪውሎቹን ሩጫ የሚወስነው ሙቀት ነው። ሙቀቱ ካልተለወጠ ሩጫቸው ያው ነው፤ የግጭታቸው ብርታትም ያው ነው። የሚጨምረው የግጭቱ ብዛት ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ ከሚዋሃዱት ውስጥ ጋዝ የሆነውን ለዩ

ይህ አጭር ነው። ግፊት የሚነካው ጋዝን ነው፤ ጠጣርና ፈሳሽ በተራ ግፊት አይጨመቁም ማለት ይቻላል። ከሰል ሲነድ ከሰሉ ጠጣር ነው፤ የምትቆጥሩት ኦክስጅኑን ብቻ ነው። እብነ በረድ ላይ አሲድ ሲፈስ የሚወጣው ጋዝ ውጤት እንጂ የሚዋሃደው አይደለም፤ እሱን መጨመቅ አሲዱን አያፈጥነውም።

እግረ መንገዴን፦ ለዚህ ርዕስ ፕሬዠር ድስትን ምሳሌ አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ነው። ቦታው አይደለም። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላው አልበስል ብሎ የሚያስመርረን ለዚህ ነው። ፕሬዠር ድስት ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪሆን እንዳይፈላ ይይዘዋል። ባቄላውን የሚያበስለው ሙቀቱ ነው። ግፊቱ ያገለገለው ሙቀቱ እንዲወጣ መንገድ በመክፈት ነው።

ደረጃ 3፦ የፍጥነት ሕጉን አግኙ

ግጭቱ ስንት እጥፍ እንደጨመረ ማወቅ ብቻውን አይበቃም። ፍጥነቱ ለየትኛው ጋዝ ምን ያህል እንደሚታዘዝ ማወቅ አለባችሁ። ይህ መታዘዝ ኦርደር ይባላል። የሚገኘውም ከሙከራ እንጂ ከኢኩዌሽኑ ላይ በማንበብ አይደለም።

ናይትሪክ ኦክሳይድ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ቀለም የሌለው ጋዝ ቡናማ ይሆናል። ለልምምድ ያህል ሦስት ሙከራ ሠራን እንበል፣ ሙቀቱ ሳይለወጥ። በመጀመሪያው ሁለቱም ጋዞች 10 ኪሎ ፓስካል ናቸው፤ የመነሻ ፍጥነቱን 1 እንበለው። በሁለተኛው ናይትሪክ ኦክሳይዱን ብቻ 20 አደረግን፤ ፍጥነቱ 4 ሆነ። በሦስተኛው ኦክስጅኑን ብቻ 20 አደረግን፤ ፍጥነቱ 2 ሆነ። የመጀመሪያው ጋዝ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ አራት እጥፍ ስለሆነ ኦርደሩ 2 ነው። የኦክስጅን 1 ነው። ስለዚህ፦

ፍጥነት = ኬ × (የናይትሪክ ኦክሳይድ ግፊት)² × (የኦክስጅን ግፊት)

ኬ የሙቀት መጠኑ እስካልተለወጠ ድረስ የማይለወጥ ቁጥር ነው። የዚህ ሪአክሽን እውነተኛ የፍጥነት ሕግም ይኸው ነው። በኢኩዌሽኑ ላይ ከፊት ያሉት ቁጥሮችም 2 እና 1 ናቸውና «በቃ ከዚያ መገልበጥ ይቻላል» ትሉ ይሆናል። እንዳትሸወዱ። የዳይናይትሮጅን ፔንቶክሳይድን መፈራረስ ውሰዱ። ኢኩዌሽኑ ላይ ከፊቱ 2 አለ፤ ኦርደሩ ግን 1 ነው። ጋዙ በግማሽ ቦታ ላይ ሲጨመቅ ፍጥነቱ እጥፍ ብቻ ይሆናል። ሃይድሮጅንና አዮዲን ሲዋሃዱ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 1 ነው፤ በግማሽ ቦታ አራት እጥፍ ይፈጥናሉ።

አጠቃላዩ ስሌት ቀላል ነው። ሁሉም ጋዞች እኩል ሲጨመቁ ኦርደሮቹን ደምሩ። ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ድምሩ 1 ከሆነ 2፣ ድምሩ 2 ከሆነ 4፣ ድምሩ 3 ከሆነ 8 እጥፍ።

ደረጃ 4፦ ግፊቱ በምን ጨመረ?

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ወረቀት ላይ እየጻፋችሁ ተከተሉኝ።

2 ሊትር የሚይዝ ዕቃ አለን። ውስጡ ናይትሪክ ኦክሳይድ 40 ኪሎ ፓስካል፣ ኦክስጅን 20 ኪሎ ፓስካል፤ በድምሩ 60። አንድ ሰው መጥቶ «ግፊቱን 120 አደረግኩት» አላችሁ። ፍጥነቱ ስንት እጥፍ ሆነ?

አንደኛ፣ ዕቃውን ወደ 1 ሊትር ጨምቆት ይሆናል። ናይትሪክ ኦክሳይዱ 80፣ ኦክስጅኑ 40 ሆነ። ሁለቱም እጥፍ ናቸው። 2 × 2 × 2 = 8። ስምንት እጥፍ።

ሁለተኛ፣ ዕቃውን ሳይነካ 60 ኪሎ ፓስካል ኦክስጅን ጨምሮ ይሆናል። ኦክስጅኑ ከ20 ወደ 80 ወጣ፤ አራት እጥፍ። ናይትሪክ ኦክሳይዱ 40 እንዳለ ነው። ፍጥነቱ አራት እጥፍ።

ሦስተኛ፣ 60 ኪሎ ፓስካል ናይትሪክ ኦክሳይድ ጨምሮ ይሆናል። ከ40 ወደ 100፣ ማለትም 2.5 እጥፍ። ኦርደሩ 2 ስለሆነ 2.5 × 2.5 = 6.25 እጥፍ።

አራተኛ፣ 60 ኪሎ ፓስካል አርጎን ጨምሮ ይሆናል። አርጎን ከማንም ጋር አይዋሃድም። ናይትሪክ ኦክሳይዱ 40፣ ኦክስጅኑ 20፤ ምንም አልተነካም። ፍጥነቱ ያው ነው። የእኔ ቀይ ኤክስ የነበረችው እዚህ ነች።

አምስተኛ፣ ዕቃውን አሙቆት ይሆናል። ከ300 ኬልቪን ወደ 600 ኬልቪን ካሞቀው ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። በሊትር ውስጥ ያለው ሞለኪውል ግን አንድም አልጨመረም። ፍጥነቱ ከተለወጠ የለወጠው ሙቀቱ ነው፣ በኬ በኩል። ይህ ሪአክሽን ደግሞ ለየት ያለ ነው፤ አብዛኞቹ ሲሞቁ ይፈጥናሉ፣ እሱ ግን ሲሞቅ ፍጥነቱ ይቀንሳል።

እዩት እንግዲህ። ግፊቱ በአምስቱም መንገድ ከ60 ወደ 120 ነው የሄደው። መልሱ ግን በአምስቱም ይለያያል። «ግፊቱ እጥፍ ሆነ» የሚለው ወሬ ብቻውን ምንም አልነገረንም።

የአርጎኑ ነገር ብዙ ልጆችን ያስቸግራል። «አርጎኑ መሃል ገብቶ አያደናቅፋቸውም ወይ?» ይሉኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የገበያው ምሳሌ እዚህ ላይ አያገለግልም። ገበያ ውስጥ ሥራ ፈት ሰው ሲበዛ መንገድ ይዘጋል። በተራ ግፊት ላይ ያለ ጋዝ ግን አብዛኛው ባዶ ቦታ ነው፤ ሞለኪውሎቹ ራሳቸው የሚይዙት ከአንድ ሺህ እጅ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው። አርጎኑ ገብቶም ሰፊ ሜዳ ይቀራል። እያንዳንዱ ሞለኪውል ከአርጎን ጋር ተጋጭቶ መንገዱን ይቀይራል እንጂ፣ በሰከንድ ከኦክስጅን ጋር የሚጋጭበት ቁጥር አይቀንስም።

አሁን ደግሞ ነገሩን ገልብጡት። ዕቃው ግንዱ እንደ ልቡ የሚንቀሳቀስ ትልቅ ሲሪንጅ ቢሆንና ውስጡ ያው 60 ኪሎ ፓስካል ተጠብቆ አርጎኑ ቢጨመርስ? ግንዱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ቦታው ይሰፋል። ይዘቱ (ቮሊዩሙ) እጥፍ ቢሆን ናይትሪክ ኦክሳይዱ 20፣ ኦክስጅኑ 10 ይሆናል። ፍጥነቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ጠቅላላ ግፊቱ ግን ከ60 ንቅንቅ አላለም! ስለዚህ ፈተና ላይ አርጎን ወይም ሂሊየም የሚል ቃል ስታዩ መጀመሪያ የምትፈልጉት «ይዘቱ ሳይለወጥ» ወይስ «ግፊቱ ሳይለወጥ» የሚለውን ሐረግ ነው። ከሥሩ አስምሩበት።

ደረጃ 5፦ ወደ ሐረጎ እንመለስ

ደሴ ላይ ያንኑ የጋዝ ድብልቅ በሁለት ዕቃ ሞላን እንበል፦ አንዱ ወፍራም የብርጭቆ ጠርሙስ፣ ሌላው ሳይወጠር ላላ ብሎ የታሰረ ፌስታል። ሁለቱንም ይዘን ኮምቦልቻ ወረድን። ሙቀታቸውን እኩል ጠብቀናል።

ጠርሙሱ አይጨመቅም። የውጪው ግፊት ቢጨምርም ውስጡ ያው 75 ነው። ፍጥነቱ አልተለወጠም።

ፌስታሉ ግን የውጪውን ግፊት ይቀበላል። ይሸበሸባል፤ ውስጡም 81 ይሆናል። 81ን ለ75 ስናካፍል 1.08 ነው። የኦርደሩ ድምር 1 ከሆነ ፍጥነቱ በ8 በመቶ ይጨምራል። ድምሩ 2 ከሆነ 1.08 × 1.08፣ በ17 በመቶ ገደማ። ድምሩ 3 ከሆነ በ26 በመቶ ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ! የመክፈቻችን ሃይላንድ ከሁለቱ መሃል ነው፤ እንደ ጠርሙስ ሊቋቋም ሞክሮ አቅቶት ተጨራመተ።

በእውነቱ ጉዞ ላይ ኮምቦልቻ ሞቃት ናት፤ ሙቀቱም የራሱን ይጨምራል። ለዚህ ነው «ሙቀታቸውን እኩል ጠብቀናል» ያልኩት። በስሌት ላይ ይህቺን ሐረግ ሳትጽፉ አትለፉ።

ሾፌሮች አይሱዙ ሐረጎን ሲወጣ አቅም ያጣል ይላሉ። እውነት ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ በእያንዳንዱ የፒስተን ምት የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል። ግን ይህ በዋናነት የፍጥነት ሳይሆን የብዛት ጉዳይ ነው፤ ኦክስጅኑ ሲያንስ የሚቃጠለው ነዳጅም ያንሳል። ቱርቦ የተባለው ነገር አየሩን አስቀድሞ ጨምቆ የሚያስገባው ለዚህ ነው።

ደረጃ 6፦ ፍጥነትንና ሚዛንን አትቀላቅሉ

በትምህርቱ ላይ ከፍጥነት ቀጥሎ የኬሚካል ሚዛን ይመጣል፤ እዚያም ግፊት አለ። ሁለቱ ይምታታሉ። ፍጥነት «ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ነው። ሚዛን «መጨረሻ ላይ ምን ያህል ይገኛል?» ነው።

ሃይድሮጅንና አዮዲንን እንደገና ውሰዱ። ሁለት ሞለኪውል ገብቶ ሁለት ሞለኪውል ሃይድሮጅን አዮዳይድ ይወጣል። የጋዝ ብዛት በሁለቱም በኩል እኩል ስለሆነ መጨመቅ ሚዛኑን አያንቀሳቅሰውም። ፍጥነቱ ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ሃይድሮጅን አዮዳይዱ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚፈራርስበት ሪአክሽንም እንዲሁ አራት እጥፍ ይፈጥናል። እዚያው ቦታ ይደርሳል፤ ቶሎ ይደርሳል እንጂ።

አሞኒያ ላይ ግን ሁለቱም ይገናኛሉ። አንድ ናይትሮጅንና ሦስት ሃይድሮጅን ሁለት አሞኒያ ይሆናሉ፤ አራት ወደ ሁለት። መጨመቅ ሚዛኑንም ወደ አሞኒያ ይገፋል፣ ጋዞቹንም ያቀራርባል። ፍሪትዝ ሃበር በ1909 ይህንን በላቦራቶሪ አሳየ። ካርል ቦሽ ወደ ፋብሪካ ወሰደው፤ በ1913 ጀርመን ኦፓው ላይ ማምረት ተጀመረ። ዛሬም ፋብሪካዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ150 እስከ 250 አትሞስፌር ግፊትና ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሙቀት ይጠቀማሉ፤ ብረት እንደ ካታሊስት፣ ማለትም እንደ አፍጣኝ ሆኖ። ቆቦ ላይ ገበሬው ጤፉ ላይ የሚበትነው ዩሪያ የሚሠራው ከዚህ አሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ያቺ ነጭ ፍሬ በአንድ ወቅት በዚያ ሁሉ ግፊት ውስጥ ያለፈ ጋዝ እንደነበረች ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ደረጃ 7፦ ሕጉ የማይሠራባቸውን ቦታዎች እወቁ

መጨመቅ ምንም የማይጠቅምበት ጊዜ አለ። አሞኒያ በጋለ የተንግስተን ብረት ላይ ሲፈራርስ፣ ግፊቱ በቂ ከሆነ ፍጥነቱ ከግፊቱ ጋር አይለወጥም። ዜሮ ኦርደር ነው። የብረቱ ገጽ በሞለኪውል ሞልቷል። የገበያ ቀን ወፍጮ ቤት ሂዱና እዩ፤ ወፍጮው አንድ ከሆነ ሰልፉ ሃያ ሰው ቢሆን አርባ ሰው፣ በሰዓት የሚፈጨው እህል ያው ነው።

የአርጎኑ ሕግም ልዩ ሁኔታ አለው። ከበላያችን ሰማይ ላይ አንድ የኦክስጅን አቶም ከኦክስጅን ሞለኪውል ጋር ተገናኝቶ ኦዞን ይሆናል። ሲገናኙ ግን ትርፍ ኃይል ይወጣል፤ ያንን የሚወስድላቸው ሦስተኛ ወገን ካልመጣ ወዲያው ይለያያሉ። ናይትሮጅን ወይም አርጎን ያንን ትርፍ ኃይል ተቀብሎ ይሄዳል። እንዲህ ባለው ሪአክሽን «ሥራ ፈት» ያልነውን ጋዝ መጨመር ፍጥነቱን ይጨምራል። ብቻውን የሚፈራርስ ሞለኪውልም በጣም ዝቅተኛ ግፊት ላይ እንዲሁ ነው፤ ለመፈራረስ የሚበቃ ኃይል የሚሰጠው ግጭት ይቸግረዋል። ለ12ኛ ክፍል ፈተና ይህ አያስፈልግም፤ ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ግን ያገኛችኋል።

አሁን ብቻችሁን ሞክሩ። ሃይድሮጅን 30፣ አዮዲን 30 ኪሎ ፓስካል በአንድ ዕቃ ውስጥ አሉ። መጀመሪያ ይዘቱ ሳይለወጥ 60 ኪሎ ፓስካል ሂሊየም ተጨመረ። ከዚያ ዕቃው ወደ አንድ ሦስተኛ ተጨመቀ። ሙቀቱ አልተለወጠም። ጠቅላላ ግፊቱ ከመነሻው ስንት እጥፍ ሆነ? ፍጥነቱስ? መልሱን ከማየታችሁ በፊት በወረቀት ሥሩት።

ግፊቱ ከ60 ወደ 120፣ ከዚያ ወደ 360፤ ስድስት እጥፍ። ሂሊየሙ ፍጥነቱ ላይ ምንም አልሠራም። መጭመቁ ሃይድሮጅንንም አዮዲንንም 90 አደረጋቸው፤ ሦስት ጊዜ ሦስት፣ ዘጠኝ እጥፍ። 36 ብላችሁ የጻፋችሁ ካላችሁ ጠቅላላ ግፊቱን ይዛችሁ ነው የሄዳችሁት። ደረጃ 4 ላይ ካለችው አርጎን እንደገና ጀምሩ።